ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ጠረጴዛ ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ዲጂታል ማይክሮስኮፕ መምረጥ፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አዳማ ውስጥ ሞባይል፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና ዲኮደር ለሚጠግኑ እንዲሁም ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቦርድ ለሚሠሩ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ ገዢዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት፣ አንዳንዴም ከከፈሉ በኋላ የሚያነሷቸው ናቸው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የማጉያ ቁጥር ለጊዜው እርሱት። መታየት ያለበት የብየዳ ካውያው ከሌንሱ ሥር እንደ ልብ መግባቱ፣ ምስሉ ከእጅ ጋር እኩል መሄዱና ማቆሚያው አለመንቀጥቀጡ ነው።

ካርቶኑ ላይ «1000 ኤክስ» ይላል። እውነት ሺህ ጊዜ ያጎላል?

በጥገና ጠረጴዛ ላይ አያጎላም። በዲጂታል ማይክሮስኮፕ የማጉላት መጠን የሚወሰነው በሌንሱ ብቻ አይደለም፤ ምስሉ የሚታይበት ስክሪን ስፋትም ይገባበታል። ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የስክሪኑን ወርድ በሚሊ ሜትር ለኩ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ለሚታየው የቦርድ ወርድ አካፍሉት። ባለ 7 ኢንች ስክሪን ወርዱ 155 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቦርድ ቢያሳይ ማጉያው 8 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ያንኑ ምስል ወርዱ 531 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ላይ ብታወጡት 26 ጊዜ ተኩል ይሆናል። ካሜራው ያው ነው፣ የሚታየው ዝርዝርም አልጨመረም። አምራቹ ትልቅ ስክሪን አስቦ፣ ሌንሱን ቦርዱን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ አስጠግቶ፣ በላዩ ዲጂታል ዙም ደርቦ ነው ሺህ የሚለው።

ደግሞም ለብየዳ ብዙ ማጉላት አያስፈልግም። እጅና ካውያ ይዞ ለመሥራት ስክሪኑ ላይ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚሆን የቦርድ ስፋት ቢታይ ይበቃል። የተሰነጠቀ ካፓሲተር ወይም የተነሳ ፓድ (ዕቃ የሚበየድበት የመዳብ ነጥብ) ለመመርመር ሲሆን ደግሞ ወደ 5 እና 10 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ያስፈልጋል።

ታዲያ ሻጩን ምን ብዬ ልጠይቀው?

በመጀመሪያ ከሌንሱ ጫፍ እስከ ቦርዱ ስንት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይቀራል ብላችሁ ጠይቁ። የካውያ ጫፍ ከወረንጦ ጋር አብሮ ሳይነካ እንዲገባ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። በሆት ኤር (በሞቃት አየር መንፊያ) የምትሠሩ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ርካሽ ማይክሮስኮፖች የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው፤ ምስላቸው የሚያምረው ሌንሱ ከቦርዱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ማየት እንጂ መበየድ አይቻልም።

ቀጥሎ የቪዲዮውን እውነተኛ ጥራት ጠይቁ። «48 ሜጋ ፒክስል» የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ። መሣሪያው ወደ ስክሪን የሚልከው ቪዲዮ 1920 በ1080 ከሆነ፣ በሥራ ላይ ሳላችሁ የምታዩት 2 ሜጋ ፒክስል ብቻ ነው። የቀረው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፎቶ ሲነሳ በሶፍትዌር የተለጠጠ ነው። «ፎር ኬ» ቪዲዮ እንኳ 8 ሜጋ ፒክስል ገደማ ነው።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ዕቃ እንየው። 0402 የሚባለው ሬዚስተር 1 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ስክሪናችሁ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት እያሳየ ካሜራው 640 በ480 ከሆነ፣ ሬዚስተሩ በ32 በ16 ነጥብ ብቻ ይሣላል። ጫፉ ሊድ (የብየዳ ቆርቆሮ) ይዞ እንደሆነ ለማወቅ አይበቃም። በ1920 በ1080 ግን 96 በ48 ነጥብ ያገኛል፤ የሊዱ ጠርዝ መውጣቱና አለመውጣቱ ይለያል። ስልክ ላይ የሚበዛው 0201 ደግሞ 0.6 በ0.3 ሚሊ ሜትር ነውና በ640 ካሜራ 19 በ10 ነጥብ ይቀርለታል። ስለዚህ ለጥገና ሥራ ከ1080 በታች የሆነ ቪዲዮ አትግዙ።

ገበያ ላይ ምን ምን ዓይነት አለ? ዋጋውስ?

ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚመነዘር የብር ዋጋ ብንጽፍ ቶሎ ያረጃል። በውጭ የመስመር ላይ ገበያ ያለውን ግምት በዶላር እንነግራችኋለን፤ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሲጨመርበት አዳማ ላይ ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል።

በጣም ርካሹ እስክሪብቶ ወይም ትንሽ ጣሳ የመሰለው፣ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር የሚገናኘው ነው። 15 እስከ 30 ዶላር ገደማ ያወጣል። ዙሪያውን 8 ኤልኢዲ አለው፣ ፎከሱ በቀለበት ይዞራል፣ ማቆሚያው ትንሽና ቀላል ነው። ቦርድ ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ያገለግላል። ለብየዳ አንመክረውም።

ቀጥሎ 4.3 ኢንች ስክሪን የተገጠመለት አለ። ኮምፒውተር ስለማይፈልግ ይወደዳል፤ ነገር ግን ስክሪኑ ትንሽ፣ ማቆሚያው አጭር ነው። ለጥቂት ዶላር ልዩነት ወደ ሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ባለ 7 ኢንች ስክሪን ነው፤ አንዶንስታርና ቶምሎቭ በመሳሰሉ ስሞች ይሸጣል፤ ስም የሌለውም ሞልቷል። ከ70 እስከ 130 ዶላር ገደማ። የብረት ማቆሚያና ሁለት ተጣጣፊ የጎን መብራት ያለውን ፈልጉ። ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ መውጫ አላቸው፤ ገመዱ ሲሰካ የራሱ ስክሪን የሚጠፋበት ሞዴል ብዙ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ እጠቀማለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ።

አራተኛው ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ማቆሚያውና የቀለበት መብራቱ ለየብቻ የሚገዛው ነው። ካሜራው በኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ይገባል፣ ሌንሱ በዙም ይሠራል። ተሟልቶ ከ120 እስከ 250 ዶላር ገደማ ይፈጃል። ትልቁ ጥቅሙ ሲበላሽ አንዱን ክፍል ብቻ መቀየር መቻሉ ነው።

ከዚያ በላይ ሁለት ዓይን የሚያሳዩት ስቴሪዮ ማይክሮስኮፖች ይመጣሉ። ካሜራ መግጠሚያ ሦስተኛ ቀዳዳ ያላቸው ከ250 ዶላር ይጀምራሉ።

ለእኔ ሥራ የትኛው ይሆናል?

ቴሌቪዥን፣ ዲኮደር፣ ኢንቨርተር፣ የድምፅ ማጉያ የምትጠግኑ ከሆነ ባለ 7 ኢንቹ ይበቃችኋል። እንደ ስልክ ቦርድ በጣም ደቃቅ የሆነ ዕቃ አዘውትሮ አያጋጥማችሁም፤ ዋናው ሥራችሁ የተሰነጠቀ ሊድና የተቃጠለ ትራክ (የቦርዱ የመዳብ መስመር) ማግኘት ነው። ዲኮደር ላይ የሚያስቸግረው የአይሲ (የቺፕ) እግሮች መቀራረብ ቢሆን እንኳ በዚህ በደንብ ይታያል።

ስልክ ላይ ቻርጂንግ ፖርት የምትቀይሩም በባለ 7 ኢንቹ መሥራት ትችላላችሁ። የማይክሮ ዩኤስቢ እግሮች በ0.65 ሚሊ ሜትር፣ የታይፕ ሲ ደግሞ በ0.5 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ሊድ ሲያገናኛቸው በግልጽ ይለያል።

የስልክ ማዘርቦርድ ላይ አይሲ የምታነሱ፣ በቀጭን ሽቦ የተቆረጠ መስመር የምትቀጥሉ ከሆነ ግን ቁርጥ ያለ አስተያየት አለን፦ ለስቴሪዮው ቆጥቡ። ዲጂታሉ ምስሉን ጠፍጣፋ አድርጎ ስለሚያሳይ የወረንጦው ጫፍ ከፓዱ በላይ ነው ወይስ ነክቶታል የሚለውን ዓይን አይለይም። በቀን አንድ ጊዜ ከሆነ ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ከሆነ አንገትም ዕቃም ይጎዳል።

ተማሪዎችስ? አራት አምስት ሆናችሁ ለአንድ ፕሮጀክት የምትሠሩ ከሆነ ካሜራና ሌንሱ የተለያየው ይሻላል፤ በትልቅ ስክሪን ሁላችሁም አንድ ላይ ታያላችሁ።

ምስሉ ከእጄ ኋላ ይቀራል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ከመግዛቴ በፊትስ እንዴት ልለካው?

መዘግየትን መለካት ቀላል ነው፤ ሁለት ስልክ ብቻ ይፈልጋል። በአንዱ ስልክ ላይ መቶኛ ሰከንድ የሚያሳይ ስቶፕዎች አስነሱና ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀምጡት፤ ቁጥሩ ሙሉ እንዲታይ ካሜራውን እስከ ላይ አንሱት። በሌላው ስልክ የታችኛውን ስልክና የማይክሮስኮፑን ስክሪን በአንድ ፎቶ አንሷቸው። ታች 12.48 ብሎ ስክሪኑ 12.40 ካለ፣ መዘግየቱ 0.08 ሰከንድ፣ ማለት 80 ሚሊ ሰከንድ ነው። አምስት ያህል ፎቶ አንስታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ከ100 በታች ከሆነ እጅ ይለምደዋል። 200 ካለፈ ወረንጦው ካሰባችሁት ቦታ አልፎ ሄዶ ጎረቤት ካፓሲተር ይገፋል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው። ዋይፋይ ከሆነ መፍትሔ የለውም፤ የዋይፋይ ማይክሮስኮፕ ለማየት እንጂ ለብየዳ አይሆንም። ኤችዲኤምአይ ከሆነና በቴሌቪዥን የምታዩ ከሆነ፣ ምስሉን የሚያዘገየው ራሱ ቴሌቪዥኑ ሊሆን ይችላል፤ የምስል ምርጫው ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ክፈቱ። ዳሩ ተቆርጦ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የምስሉን መጠን «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» ላይ አድርጉት።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ብርሃን ነው። ጨለማ ሲሆን ካሜራው እያንዳንዱን ፍሬም ለማብራት ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል፤ በሰከንድ 30 የነበረው ፍሬም ወደ 15 ይወርዳል፣ ምስሉም ይጎተታል። መብራት ጨምሩና እንደገና ለኩ። ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል።

ዩኤስቢው ላፕቶፕ ላይ በሰከንድ አራት አምስት ምስል ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የተሳሳተ የምስል ዓይነት መርጦ ነው። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ ቢበዛ 60 ሜጋ ባይት ያሳልፋል፣ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ያልታመቀ 1080 ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም ለመላክ ግን 124 ሜጋ ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ ካሜራው ፍሬሙን ይቀንሳል። በሶፍትዌሩ የቪዲዮ ቅንብር ውስጥ ያልታመቀውን «ዋይዩዋይ2» (YUY2) ትታችሁ የታመቀውን «ኤምጄፔግ» (MJPEG) ምረጡ። ከዚያም ማይክሮስኮፑን ከማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት።

ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን ሲዲ አትፈልጉት። አብዛኞቹ እንደ ተራ ዌብካም ስለሚታወቁ ዊንዶውስ ላይ ያለው የካሜራ ፕሮግራም ይከፍታቸዋል፣ ሊኑክስ ላይም እንዲሁ። አንድሮይድ ስልክ በኦቲጂ ገመድ (የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ የሚያገናኝ) እና የዩኤስቢ ካሜራ በሚያነብ አፕ ያየዋል፤ ስልኩ ኦቲጂ መደገፉን አስቀድማችሁ ፍላሽ ሰክታችሁ ፈትሹ። በአይፎን እሠራበታለሁ ብላችሁ አትግዙ።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ እንዴት ልፈትሸው?

ይዛችሁ ሂዱ፦ አንድ የሞተ የስልክ ቦርድ፣ የሚሊ ሜትር መስመር ያለው ማስመሪያ፣ ወረንጦ፣ ፓወር ባንክ እና ሁለተኛ ስልክ። ነጋዴው መፈተሽ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። መርካቶም ብትሄዱ ይሁን፤ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ የማይሆን ዕቃ ይዞ ተመልሶ ለመቀየር መሟገት ግን ከዚያ በላይ ያደክማል።

መጀመሪያ ማስመሪያውን ሥሩ አድርጋችሁ ካሜራውን ከፍ አድርጉትና ከሌንሱ ጫፍ እስከ ማስመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ለኩ። እዚያ ርቀት ላይ ፎከስ አድርጉ። ጥርት ካላለ ፈተናው አበቃ፣ መልሱለት። ጥርት ካለ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚታይ ቁጠሩ። ከ20 እስከ 40 ባለው ውስጥ ከሆነ ለብየዳ ይሆናል። መሃሉ ጥርት ብሎ አራቱ ማዕዘን የሚደበዝዝ ከሆነ ሌንሱ ደካማ ነው፤ ትንሽ መደብዘዝ ይታለፋል፣ የማስመሪያው መስመር ተጣምሞ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጉበጥ ግን ለልኬት ያስቸግራል።

ቀጥሎ ቦርዱን አስገብታችሁ በወረንጦ አንድ ነጥብ ለመንካት ሞክሩ። እጃችሁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ስክሪኑ ላይም ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። ተገልብጦ የሚታይ ከሆነና በሜኑው ውስጥ መገልበጫ ከሌለው አትውሰዱት፤ በተገለበጠ ምስል መሥራት ቀስ በቀስ የሚለመድ አይደለም። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣታችሁ መታ አድርጉ። ምስሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ካልረጋ ማቆሚያው ልል ነው።

መብራቱን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ አዙሩና መስመር የሚሄድ መሆኑን እዩ። በመጨረሻም በራሳችሁ ፓወር ባንክ ላይ ሰክታችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይብራ። ደካማ ሰሌዳ ያለው ማይክሮስኮፕ ሲሞቅ ነው የሚቆመው ወይም ስክሪኑ የሚርገበገበው፤ በአንድ ደቂቃ ሙከራ ይህ አይገኝም። የገመድ መሰኪያዎቹን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ፣ ምስሉ ብልጭ ጥፍት ማለት የለበትም።

ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ይሄዳል።

የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ተቀናብሮ ይመጣል። በሜኑው «ላይት ፍሪኩዌንሲ» የሚለውን 50 አድርጉት። ካልጠፋ የቤቱን አምፖል አጥፉና እዩ። አሁንም ካለ፣ ችግሩ የማይክሮስኮፑ የራሱ መብራት መቆጣጠሪያ ነው፤ ኤልኢዲውን ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ነው ብርሃን የሚቀንሰው። መብራቱን ሙሉ ከፍታችሁ ብርሃኑን በወረቀት ብትጋርዱት ይጠፋል።

ሊዱ እያብረቀረቀ ምንም አይታየኝም። ምን ላድርግ?

በካሜራው ዙሪያ ያለው መብራት ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል፤ ሊድ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ስለሚሆን ነጭ ነጥብ ብቻ ይታያል። የላዩን መብራት ቀንሱና ከጎን አምጡ። ሁለቱን ተጣጣፊ መብራቶች ከቦርዱ ወለል በ30 ዲግሪ ገደማ አጋድሟቸው፣ አንዱን ከሌላው ደመቅ አድርጉት። ጥላ ሲፈጠር የሊዱ ቅርጽ ይወጣል፤ ያልቀለጠ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ቀለበት ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው።

ተጣጣፊ መብራት ከሌለው ነጭ የብራና ወረቀት ወይም የወተት ፕላስቲክ ጠርሙስ ቁራጭ በኤልኢዲዎቹ ፊት ለጥፉ። ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። በእርሳስ የተጻፈ የሚመስለውን የአይሲ ጽሑፍ ለማንበብ ደግሞ አንድ መብራት ብቻ አስቀሩና በጣም ዝቅ አድርጉት፤ የጨረር ጽሑፍ በጎን ብርሃን ነው የሚነበበው። አልኮል ጠብ ቢደረግበትም ይረዳል።

መብራት ሲጠፋስ?

እዚህ ላይ ባለ 7 ኢንቹ ከሁሉም ይበልጣል። አብዛኞቹ በ5 ቮልት ከ1 እስከ 2 አምፔር ባለው ቻርጀር ስለሚሠሩ በፓወር ባንክ ይበራሉ። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ውስጡ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ በመቀየሪያው የሚባክነው ሲቀነስ 30 ገደማ ይቀራል። ማይክሮስኮፑ 5 ዋት ከፈለገ ለ6 ሰዓት ያህል ያሠራል። ሞኒተር የሚፈልገው ዓይነት ግን ከካሜራው ሌላ 20 ዋትና ከዚያ በላይ ለስክሪኑ ስለሚወስድ ኢንቨርተር ያስፈልገዋል።

የካሜራውን የኃይል ጽሑፍ አንብቡ። አንዳንዱ 12 ቮልት ነው፤ የ5 እና የ12 ቮልት መሰኪያ ክቡ ቅርጽ አንድ ስለሚሆን የ12 ቮልቱን በ5 ቮልት ካሜራ ላይ መሰካት ካሜራውን ወዲያው ሊያቃጥለው ይችላል። አስማሚዎቹ ላይ ቀለም ቀቡ ወይም ጽፋችሁ ለጥፉ። መብራት ከጠፋ በኋላም ተመልሶ እስኪረጋ ከዲቫይደሩ ንቀሉት።

የአዳማ ንፋስና አቧራስ?

አዳማ አጠገብ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በር ከፍቶ የሚሠራ ሱቅ ውስጥ ሌንስ በሳምንት ውስጥ ይደበዝዛል። ሥራ ሲያልቅ ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ማልበስ ከማንኛውም ጽዳት ይሻላል። ማይክሮስኮፑን ከበሩ ትይዩ አታስቀምጡት።

ስክሪኑ ላይ ቦርዱን ብታንቀሳቅሱም የማይነቃነቅ ነጥብ ካለ አቧራው ውስጥ ነው። ሌንሱ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ሌንሱን በቦታው ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ነጥቡ አብሮ ከዞረ ሌንሱ ላይ ነው፤ ካልዞረ የካሜራው ሴንሰር ላይ ነው። በጎማ አየር መንፊያ ንፉት። በአፍ አትንፉ፣ እርጥበት ይጥላል፤ ጎማ በሚነፋ ኮምፕሬሰር በፍጹም፣ ዘይትና ውሃ ይረጫል። ሌንሱን ከሴንሰሩ ላይ የምትፈቱት በግድ ሲሆን ብቻ፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍታችሁ ነው።

የሆት ኤርና የፍላክስ ጭስ ሌንሱን ይጎዳዋል?

ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። የፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚቀባው ነገር) ጭስ ሲቀዘቅዝ ቢጫ ቅባት ሆኖ ሌንሱ ላይ ይቀመጣል፤ ምስሉ ጭጋግ ያለው የሚመስለው ለዚህ ነው። ሌንሱ ጥርስ ካለው ርካሽ የካሜራ መከላከያ መስታወት ግጠሙበት፤ ሲቆሽሽ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ጥርስ ከሌለው ጭሱን ወደ ጎን የምትስብ ትንሽ የኮምፒውተር ማራገቢያ ከጠረጴዛው ጫፍ አድርጉ፤ ወደ ቦርዱ ሳይሆን ከቦርዱ ወደ ውጭ ትሳብ። ለሳንባችሁም ይበጃል። ለማጽዳት 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በሌንስ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋችሁ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉ። በቀጥታ ሌንሱ ላይ አታፍስሱ፤ በጠርዙ ሰርጎ ሙጫውን ይፈታል።

ሆት ኤር 350 ዲግሪ ላይ ሲሆን ወደ ላይ የሚመለሰው ሙቀት ፕላስቲክ የሌንስ ቀለበትን ያጣምማል። 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት የምንለው ለዚህም ጭምር ነው።

0.5 የሚል ተጨማሪ ሌንስ ልግዛ?

ስቴሪዮ ካላችሁ አዎ። ባርሎው ይባላል፤ ማጉያውን በግማሽ ይቀንስና ከሌንሱ ሥር ያለውን ቦታ ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ 16 ገደማ ያሰፋል። ከ7 እስከ 45 ጊዜ የሚያጎላው ከ3.5 እስከ 22.5 ይሆናል፣ ለስልክ ቦርድ ይበቃል። ዓምዱ ረጅም መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ከፍ ማለት ካልቻለ ፎከስ አያገኝም።

ዙም ባደረግሁ ቁጥር ፎከሱ ይጠፋል።

መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጉሉትና እዚያ ላይ ፎከስ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መልሱት። ጥሩ የዙም ሌንስ ከሆነ ወደ ታች ሲመለስም ጥርት እንዳለ ይቆያል። ባለ ስክሪን ርካሾቹ እውነተኛ የዙም ሌንስ የላቸውም፤ እነሱን ለማጉላት ካሜራውን ዝቅ አድርጎ እንደገና ፎከስ ማድረግ ግዴታ ነው።

ማይክሮስኮፕ ሾርት (መገናኘት የሌለባቸው መስመሮች መገናኘት) ያሳየኛል?

ሾርቱን አያሳይም፣ ምልክቱን ግን ያሳያል፦ የተሰነጠቀ ካፓሲተር፣ ውሃ የበላው እግር፣ ሁለት ፓድ ያገናኘ ሊድ፣ የተነሳ ትራክ። በመልቲሜትር መስመሩን ካገኛችሁ በኋላ በማይክሮስኮፕ አካባቢውን ፈትሹ፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ግማሽ ቀን ቦርድ ስታዩ ትውላላችሁ። እግሮቻቸው ከሥራቸው የሆኑ አይሲዎችን ሥር ምንም ማይክሮስኮፕ አያይም፤ ቦርዱን አጋድማችሁ የዳሩን ረድፍ ብቻ ማየት ትችላላችሁ።

ኃይል ያለው ቦርድ ሥሩ አድርጌ ማየት እችላለሁ?

የስልክ ቦርድ በሲሊኮን ምንጣፍ ላይ ሆኖ ይቻላል። የማይክሮስኮፑ መቀመጫ ብረት ስለሆነ ያለ ምንጣፍ አታስቀምጡት፤ የቦርዱን ጀርባ ሾርት ያደርጋል። የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ግን በፍጹም አይሆንም። 220 ቮልት ተጣርቶ ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት ገደማ ይቀመጣል፤ ዓይናችሁ ስክሪን ላይ ስለሆነ እጃችሁ የት እንደነካ አታዩም። ንቀሉ፣ ካፓሲተሩን በሬዚስተር አራግፉ፣ በሜትር አረጋግጡ፣ ከዚያ አስገቡት።

ትምህርት ቤት የሚገለገሉበት የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ በርካሽ አገኘሁ። ይሆናል?

አይሆንም። ብርሃኑ ከሥር የሚመጣ ስለሆነ ቦርድ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ምስሉ ተገልብጦ ይመጣል፣ ዝቅተኛው ማጉያ ብዙ ጊዜ 40 ነው፣ ሌንሱም ከቦርዱ ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር አይርቅም። በዚያ ገንዘብ ራስ ላይ የሚታሰር ማጉያ መነጽርና ጥሩ የጠረጴዛ መብራት ግዙ፤ ለጀማሪ ከእስክሪብቶው ማይክሮስኮፕ እንኳ ይሻላል።

ሚሞሪ ካርድ አስገብቼ አላነበበውም።

አብዛኞቹ የሚያነቡት እስከ 32 ጊጋ ባይት፣ በፋት32 የተፎረመተ ካርድ ነው። ባለ 64 ካርድ በሌላ ዓይነት ተፎርምቶ ስለሚመጣ አያውቁትም። ባለ 32 ክላስ 10 ግዙና በራሱ በማይክሮስኮፑ ሜኑ ፎርማት አድርጉት። ከጥገና በፊትና በኋላ አንድ አንድ ፎቶ ማንሳት ልማድ ይሁን፤ ደንበኛው ውሃ የበላውን እግር በዓይኑ ካየ በዋጋው ላይ ብዙ አይከራከርም። የቀኑን ሰዓት መጀመሪያ አስተካክሉ፣ አለበለዚያ ፎቶዎቹ ሁሉ በአንድ የተሳሳተ ቀን ይመዘገባሉ።